የዳምጠውን ደጅ በፍጥነት ማለፍ

ጁባ ውስጥ ምግብ ቀዘቀዘብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እዚህ እንኳን ከምድጃ የወረደ ወጥ፣ በርሜል ውስጥ የዋለ ውሃም እጅ ያቃጥላል። በድሉ ግን የኤሌክትሪክ ሳይክሉን የፍጥነት ገደብ ለምን ሊያስነሣ እንደፈለገ ሲጠየቅ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ነው» ይል ነበር። ምግቡ የእኔ ነው። ሙኑኪ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ በድሉ ምሳውን ቶንፒንግ ላሉ ቢሮዎች የሚያደርስልኝ ሰው ነው። እኔ የኔነሽ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ከምን እንደሚሮጥ አውቅ ነበር። የሚሮጠው ከዳምጠው ነው።

በድሉ ሃምሳን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። በሥራው እንከን አይወጣለትም። ምሳ ዕቃ ሲጭን አራስ ልጅ የተቀበለ ይመስላል፤ እኔ ዘንድ መሥራት ከጀመረ ወዲህ አንድ ጠብታ ወጥ ፈሶበት አያውቅም። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ጫነው ስለው እንኳ «ሞተረኛ ምን ያውቃል፣ ወጥ እኮ ነው!» ብሎ ይቆጣኛል። ጉድለቱ አንድ ነው። የከበደውን ነገር ሁሉ ለነገ ያሳድረዋል። ጥርሱን ሲያመው ነገ፣ ፓስፖርቱ ጊዜው ሲያልፍ ነገ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለው። የዳምጠው እናት እስኪሞቱ ድረስ በዚህ ጠባዩ ስንስቅበት ነው የኖርነው።

ዳምጠው ጎሚስታ ነው። ከሙኑኪ ወደ ቶንፒንግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኒም ዛፍ ሥር አሮጌ ጎማዎቹን ቆልሎ ሲለጥፍና ሲነፋ ይውላል። እሱና በድሉ ከአገር አብረው የወጡ፣ ጁባም ሲገቡ አንድ ክፍል ተከራይተው ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ናቸው። የእናቱ መርዶ የተነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም ነበርን። በድሉ ያን ቀን ዘይትና ሽንኩርት ሊያስጭንልኝ ድንበር ላይ ኒሙሌ ወርዶ ነበር። ይህ ጥፋት አይደለም፤ እኔው ነኝ የላክሁት። ጥፋቱ ከተመለሰ በኋላ ያደረገው ነው። ያን ዕለት ደክሞኛል አለ። በማግስቱ በአቧራ ልብስ ለቅሶ አይደረስም አለ። ልብሱ ታጥቦ እስኪደርቅ ለቅሶው ተነሣ፣ ፍራሹ ተጠቀለለ። ያኔ «አሁን ምን ብዬ እሄዳለሁ?» አለ።

በእኛ ሰው ዘንድ ሠርግ የቀረ ይታማል። ለቅሶ የቀረ ግን የሚታማ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅነቱ ያልቃል። ወንድም ያህል የሆነ ሰው ሲቀርማ ስም እንኳ የለውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል!» አልኩት ብዙ ጊዜ። «ዛሬውኑ ሂድና እግዜር ያጥናህ በለው። ይሳደብ፣ ጎማ ይወርውርብህ፣ ያልቃል!»

«እሺ፣ ነገ።»

«ነገህ እኮ ጥርስ አወጣ!»

ዳምጠውም ቢሆን አፍ አውጥቶ አይወቅስም። አንድ ቀን ብቻ የጋሪዬን ጎማ ላስጠግን ብሄድ፣ ቀና ሳይል «በድሉ ደኅና ነው?» አለኝ። ደኅና ነው አልኩት። «ሳይክሉ ሲያልፍ አየዋለሁ» አለና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አንሥቶት አያውቅም። ሁለቱን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠል ነበር። በስደት አገር ላይ ጓደኛ እንደ ጎማ በላስቲክ አይለጠፍም።

ሳይክሉን ለበድሉ የተወለት ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ነው፤ ምሳውን በሰዓቱ ሲያደርስለት ስለኖረ። ሳይክሉ የሠለጠነ አገር ልጅ ነውና ሕግ ያከብራል። ፔዳሉን ስትረግጥ ሞተሩ ያግዝሃል። በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎሜትር ስትደርስ ግን፣ ከዚህ በላይ በራስህ ጉልበት ብሎ እጁን ይሰበስባል። በድሉ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል።

በበጋው በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየዞረ ዳምጠውን ሳያይ ይመላለስ ነበር። ዝናብ ሲገባ የውስጡ መንገድ ሁሉ ጭቃ ሆነና በኒሙ ዛፍ ፊት ለፊት ማለፍ ግድ ሆነበት። እዚያ ሲደርስ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ይስብና በኃይል ይረግጣል፤ ሞተሩ ደግሞ ልክ በዚያች ቅጽበት ይተወዋል። ሃያ አምስት የሚሄድ ሰው ፊቱ ይለያል። ሰላም ለማለት ይበቃል፣ ሳይታዩ ለማለፍ ግን አይበቃም።

አንድ ቀን ጭራሽ ጎማው እዚያው ተነፈሰበት። ከጁባ ጎሚስታዎች ሁሉ የታወቀው አጠገቡ ቁጭ ብሏል። በድሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳይክሉን አዙሮ እየገፋ ጉዴሌ ድረስ ወሰደው! ጉዴሌ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ምሳው ቶንፒንግ የደረሰው መክሰስ ሆኖ ነበር። ያን ቀን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ጉዴሌ ላይ ነው ሠርፀን ያገኘው። ሠርፀ ስልክ ይጠግናል፣ ሶላር ይገጥማል፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሳይክሉን ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ በድሉ፣ ይሄ ሞተር እኮ አቅም አለው። አፍነው ነው የላኩት።»

«ይፈታል?»

«የማይፈታ ነገር አለ እንዴ በዚህ ዓለም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኋላው ጎማ አጠገብ ያለች ሴንሰር ፍጥነቱን ለሞተሩ ትነግረዋለች። ሠርፀ መሃላቸው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አስገባ። ሴንሰሯ አርባ ስትል ሳጥኗ ለሞተሩ ሃያ ነው ትለዋለች። ሞተሩም ሃያ ነው ብሎ አምኖ ማገዙን ይቀጥላል። በድሉ ይህን በኩራት ሲያስረዳኝ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት። በተረት ዓለምን አታጥብቢ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን በእውነት በረረ። ቦዳ ቦዳዎቹ «ሐበሺ! ሸዊያ ሸዊያ!» እያሉ ጮሁ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። የኒሙን ዛፍ እንደ ጥይት አለፈው። ዳምጠው ቀና እስኪል በድሉ የለም። ኮፍያው ግን ነፋስ ወስዶት ከጎማዎቹ መሃል ዱብ አለ። በድሉ ኮፍያውን ሊያነሣ አይመለስ ነገር፤ ራቁት ራሱን ይዞ ሄደ። ዳምጠው አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ዛፉ ላይ በምስማር ሰቀለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በድሉ በሄደ በመጣ ቁጥር የገዛ ኮፍያው ከዛፉ ላይ ሆኖ ያየዋል።

ሞተሩም ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ቁጥር ወጥቶ ድርግም አለ። በድሉ ከአንድ የውሃ ቦቴ ጀርባ ተደብቆ አጥፍቶ ቢያበራው ተነሣ። ሁለተኛው ቶንፒንግ ሆቴል በር ላይ ሆነ፤ ዘበኞቹ እየሳቁ ገፉለት። ሠርፀ በስልኩ አንድ ነገር ነካክቶ ቁጥሩን አጠፋው፤ «ኤረር ነው ጋሼ፣ ኤረር ያልፋል» አለው። ሦስተኛው ግን አላለፈም። ሞተሩ በሕፃን እርምጃ ብቻ ካልሆነ አላግዝም ብሎ አረፈው። በድሉ ተመልሶ ጉዴሌ ሄደ።

ሠርፀ ስልኩ ላይ ብዙ አነበበ። አንብቦ ሲያበቃ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ጋሼ፣ ነቅቶብናል።»

«ማነው የነቃብን?»

«ሞተሩ። ፔዳሉ የሚለውና ጎማው የሚለው አልገጠመለትም። እንደተዋሸ አውቆ ተቆልፏል።»

«ይቅርታ አይጠየቅም?»

«ይጠየቃል። ሳጥኗን አውልቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል በዚሁ ቀስታ ይነዳል። ያለ ማጭበርበር። ያኔ ራሱ ይፈታዋል።»

«አንድ ሰዓት ተኩል?»

«መሃል ላይ ከቆምክ ደግሞ ከሀ ነው የሚጀምረው መሰለኝ።»

የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚህች «መሰለኝ» ነው። እኔ ግን ነገሩን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከንስሐ ሲሸሽ የኖረን ሰው ሞተር ቀኖና ሰጠው!

በድሉ ቀኖናውን መንገድ ላይ ሊፈጽም አልፈለገም። በእግረኛ እርምጃ በዳምጠው ደጅ ማለፍ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ምግብ ቤቴ ባለችበት ግቢ ውስጥ ጀመረ። ረፋዱ ላይ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ዝግ እያለ የውሃ ታንከሩን ይዞረው ጀመር። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ሸሹት፣ ኋላ ግን ተከተሉት። የግቢው ባለቤት ማማ ፖኒ በሯ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«በድሉ! ኢታ መጅኑን?» አለችው፤ አብደሃል ወይ ማለቷ ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ማማ፣ ችግር የለም» አለና ሊያረጋጋት ዞር ሲል የፊት ጎማው የኩድራ መደቧ ውስጥ ገባ። ኩድራ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ነው፤ ማማ ፖኒ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ የምታጠጣው፣ ከልጆቿ አስበልጣ የምትወደው። በድሉ ወርዶ ይቅርታ እንዳይጠይቅ ቆመህ ከሀ ጀምር ሊባል ነው። ስለዚህ ሳይቆም፣ እየነዳ፣ ይቅርታ እየጠየቀ አለፈ። በሚቀጥለው ዙርም ይቅርታውን ሊያሟላ ሲጠጋ ሌላውን መደብ ደገመው። ማማ ፖኒ መጥረጊያዋን አነሣች። ከግቢ ወጣ።

ምሳ ደርሶ ነበር። «ያው ወደ ቶንፒንግ ነው የምትሄደው፣ ምሳውን ይዘህ ውጣ!» ብዬ ምሳ ዕቃዎቹን እየሮጥኩ ከኋላው ጫንኩለት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሚሄድ ሳይክል ላይ፣ ቀይ ወጥ! እሱ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ «ቀስ፣ ክዳኑን አጥብቂው» ይለኛል። ዛሬስ ዳምጠው ያየዋል ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ነግረውኛል። ማን ምን እንዳለ ባይስማሙም ዋናው ነገር ላይ ይገጥማሉ። በድሉ በመንገዱ ዳር ዳር ይሄዳል። ጀሪካን የተሸከመች ሴት ቀደመችው። ፍየል ቀደመችው። የሚያውቀው ሁሉ ይጠራዋል፣ ቁም ይለዋል፣ ምን ሆንክ ይለዋል፤ እሱም ሳይቆም ለሁሉም በየተራ ይመልሳል። እንዲህ እያለ የኒሙ ዛፍ ከሩቅ ታየው። ዳምጠውም እሱን ከሩቅ አየው። አንዱ መሸሽ አልቻለም፤ ሌላው ደግሞ ያላየ መምሰል አልቻለም፣ ምክንያቱም በድሉ አልደርስ አለ። ዳምጠው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሲሰለቸው እጁን በጨርቅ ጠረገና ኮፍያውን ከምስማሩ አውርዶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከሳይክሉ ጎን ጎን በእግሩ መሄድ ጀመረ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ዳምጠው።

«አብሮ ይስጥልን።»

«ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ቅጣት ላይ ነው።»

«ማን?»

«ሞተሩ። ማለቴ፣ እኔ።»

«ውረድና ልየዋ።»

«መውረድ አልችልም፣ ከሀ ይጀምራል።»

ዳምጠው ምንም አልገባውም። ኮፍያውን ዘረጋለት። በድሉ በአንድ እጁ ተቀብሎ አደረገው። እንዲሁ ጎን ለጎን፣ አንዱ በጎማ አንዱ በእግር ሄዱ። የስልክ ካርድ መሸጫውን አለፉ፤ ፀጉር ቤቱን አለፉ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋባቸው። በድሉ የስክሪኑን ቁጥር አተኩሮ እያየ «እግዜር ያጥናህ፣ ዳምጠው» አለ።

ዳምጠው ቆም አለ። ሳይክሉ ስላልቆመ ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥ ብሎ መድረስ ነበረበት።

«ለቅሶ በሳይክል ላይ ሆኖ ይደረሳል?» አለው።

በድሉ ያኔ ፍሬን ያዘ። ከሀም ይጀምር፣ ከፐም ይጀምር ብሎ ወረደ። እንባው ቢመጣበትም መቆሚያውን በእግሩ አውርዶ፣ ምሳ ዕቃዎቹ አለመጋደላቸውን አይቶ ነው የወረደው፤ ወጥ ነዋ! ከዚያ «እማማ አምለሰት! እማማ አምለሰትን!» ብሎ የዳምጠውን እናት በስማቸው እየጠራ አንገቱ ላይ ወደቀ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። በአስፋልቱ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ቦዳ ቦዳዎቹ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ቆሙ። ሰው ሞቶ እንደሆነ ሲነገራቸው ወርደው አንድ በአንድ ሁለቱንም ጨበጡ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ስልኬ ከቶንፒንግ ሲጮህ ነው። «ምሳችን የት ደረሰ?» ይሉኛል። ደግሞ ይደውላሉ። በድሉ አያነሣም። መጨረሻ ላይ መጎናጸፊያዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቦዳ ቦዳ ላይ ወጣሁና በመንገዱ ላይ ፍለጋ ሄድኩ። ደሜ ፈልቷል። የኒሙ ዛፍ ሥር ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? በድሉና ዳምጠው ወደ ዛፉ ተመልሰው በተገለበጡ ጎማዎች ላይ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ትሪ አለ። ትሪው ላይ የእኔ እንጀራ፣ በእንጀራው ላይ የእኔ ቀይ ወጥ! የቢሮዎቹ ምሳ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ በተራ ተደርድሯል። ጎማ ሊያስለጥፉ የመጡ ሁለት ሞተረኞችም ጠጋ ብለው እየጎረሱ ነው።

«አንተ በድሉ!» ብዬ ገና ከሞተሩ ሳልወርድ ጮህኩ። «ሰው በረሃብ እየጮኸብኝ አንተ እዚህ ግብዣ ታበላለህ?»

በድሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«እዝን ነው፣ የኔነሽ» አለኝ። «ለቅሶ ባዶ እጅ አይመጣም ብዬ ነው።»

«በእኔ ወጥ? ከስንት ወር በኋላ?»

«ተዪው» አለኝ ዳምጠው። «እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! ያን ጊዜ ሁላችንም ስንመጣ የት ነበር? እኔ ሦስት ቀን ያሳለፍኩትን...»

«አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሁላችሁም መጣችሁ፣ ቤቱ ሞልቶ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። ግን የኔነሽ፣ ከመጣው ሰው ውስጥ እናቴን የሚያውቃት አልነበረም። ነፍስ ይማር ትሉኛላችሁ፤ የማንን ነፍስ እንደሆነ አታውቁም። እኔም እንዴት ያለች ሰው እንደነበረች መናገር አቃተኝ። በዚህ አገር እሷን በዓይኑ ያያት ሰው አንድ እሱ ነው። መንገዱን ሳይ የምውለው ለዚህ ነበር።»

እኔ ያዘንኩት ለጓደኝነታቸው ነበር። እናቱ የሚያውቃቸው ሰው ሳያለቅስላቸው ቀርተው እንደነበር አልገባኝም። አንዱ ሞተረኛ ከተቀመጠበት ጎማ ግማሹን ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ስልኬ እንደገና ጮኸ። ዛሬ ምሳ የለም፣ ለቅሶ ላይ ነን አልኳቸው። እንዴት ያለ ቃል እንደተናገርኩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ የቶንፒንግ ደንበኞቼ ሰው የሞተበት በድሉ መስሏቸው እስከ ዛሬ እግዜር ያጥናህ ይሉታል።

«የኔነሽ ትስማ» አለው ዳምጠው በድሉን። «እሷ የነገረችህን ድገመው።»

«አሁን ነገርኩህ እኮ።»

«ድገመው።»

በድሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የወጣን ዕለት ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እማማ አምለሰት እኔን ለብቻ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ስንቅ ሊሰጡኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቂጤን በጥፊ መቱኝ።» ዳምጠው አስቀድሞ መሳቅ ጀመረ። «‹አንተ ቀውላላ› አሉኝ፣ ‹አንተ ስትበላ እንደ አንበጣ ነህ። ይሄ ልጄ ደግሞ አኝኮ አይጨርስም፣ ከሕፃንነቱ እንዲህ ነው። ከአንድ ትሪ ስትበሉ ይራብብኛል። ሌላ አደራ የለኝም፤ ሲበላ ጠብቀው።›»

ሞተረኞቹ አማርኛ ሳያውቁ አብረውን ሳቁ። ዳምጠው ዓይኑን በክንዱ ጠረገና አንድ ጉርሻ ወስዶ ማኘክ ጀመረ፤ በእውነትም ሲያኝክ አያልቅለትም። ትሪው ላይ የቀረው ትንሽ ነበር። በድሉ እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጠበቀው።